መዥረጥና እናት ዓሦቿ

የወንድሜን ሚስት በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ለአለቃዋም፣ ለጥበቃውም፣ ለገዛ ባሏም መዥረጥ ናት። ይህን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ዘመድ አዝማድ «አይ፣ እኛ ነን ያወጣንላት» እያለ ይከራከረኛል። ይከራከር! ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት እንዳወጣሁትም ከነወጉ እነግራችኋለሁ።

ያኔ እሷ ዓሣ ተራ ውስጥ ለገዢ ዓሣ እየከፈተች የምትኖር ልጅ ነበረች። እኔ ዓሣ ልገዛ ሄድኩ፣ ወንድሜም ዘንቢል ተሸካሚ ሆኖ ተከተለኝ። እኔ ምግብ አብሳይ ነኝ፤ ዓሣ ሲከፈት ብዙ አይቻለሁ፣ በቀላሉም የሚገርመኝ ነገር የለም። ይህቺ ልጅ ግን ዓሣውን በግራ እጇ ያዘች፣ ሆዱን በአንድ ጭረት ከፈተች፣ ከዚያ ሁለት ጣቶቿን በስንጥቡ ሥር ሰደደች። ስንጥብ ማለት ዓሣ የሚተነፍስበት፣ ከጉንጩ ሥር ያለው ቀይ ማበጠሪያ የመሰለ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ሳበችው። ስንጥቡ፣ ጉሮሮው፣ ልቡ፣ ጉበቱ፣ አንጀቱ፣ ሁሉም እንደተያያዘ ወጣ። ሐሞቱ እንኳ አልፈረጠም! ሐሞት ከፈረጠ ሥጋው ይመርራል፣ ዓሣው አለቀለት ማለት ነው። «መዥረጥ!» አልኩ ሳላስበው፣ ጎራዴ ከሰገባው ሲወጣ እንደሚባለው። ዓሣ ተራው በሳቅ ፈረሰ፣ ስሙም በዚያው ጸና።

ወንድሜ ግን አልሳቀም። ዘንቢሉን እንዳንጠለጠለ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዓሣ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሽታውም አይስማማውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ማታ ማታ ዓሣ እያንጠለጠለ መግባት ጀመረ። የሰፈሩ ድመት በሙሉ በራችን ላይ ሰፈረ። በመጨረሻ እናታችን ታከታትና «ልጄ፣ ወይ ዓሣውን ተው ወይ ልጅቷን አምጣት» አለችው። ልጅቷን አመጣት። ዓሣ ግን እስከ ዛሬ አይበላም፣ ለፍቅር ሲል ተሸከመው እንጂ።

እኔ የምሠራው ከከተማው ዳር ባለው የዓሣ እርባታ ነው፣ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ። ኩሬዎቹ በተርታ የተቆፈሩ ናቸው፤ ውሃው ከላይኛው ኩሬ ወደ ታችኛው በቦይ ይወርዳል። የእርባታው ኃላፊ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወልቁ፣ ድምፃቸውንም ከፍ የማያደርጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። መዥረጥን ለጋሼ ያስተዋወቅኋት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለሽያጭ የሚወጣውን ዓሣ ትከፍት ነበር። በኋላ የእናት ዓሦቹ ተንከባካቢ አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ፣ ጋሼ መዥረጥን ጠሩና «ከዛሬ ጀምሮ እናቶቹ ያንቺ ናቸው» አሏት።

«ጋሼ፣ ይቀልዳሉ እንዴ?» አለች። «ዕድሜዬን በሙሉ የዓሣ ሆድ ስዘረግፍ የኖርኩ ሴት፣ ዛሬ አዋላጅ ልሁን?»

«ሆዳቸውን ካንቺ የበለጠ ያየ ሰው የለም» አሏት። በዚህ ተዘጋ።

የምናረባው ቆሮሶ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምታቅፈው። የመዥረጥ ሥራ እናቶቹን በመረብ እያወጣች፣ አፋቸውን በአውራ ጣቷ ከፈት አድርጋ እንቁላሉን መቀበል ነበር። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ገረማት፤ ከዚያ ወደደቻቸው። እንዲህ ያለ መውደድ አይቼ አላውቅም! «ነይ የኔ እመቤት፣ አፍሽን ክፈቺ፣ አይዞሽ» ትላቸዋለች። አንዷን በክብር ስለምትዋኝ እሜቴ አለቻት። አውራ ጣቷን እየነከሰች ያስቸገረቻትን ደግሞ «የባሌ እህት» ብላ ሰየመቻት። ይህን ስሰማ የክበቡን ጭልፋ ይዤ ኩሬ ለኩሬ አባርሬያታለሁ፤ እሷ ግን እየሳቀች ስትሮጥ እኔም ሳቄ መጣና ማባረሩን ተውኩት።

እንዲህ ደስ ብሎን ስንኖር ነው ጣጣው የመጣው። በዚያ ዓመት የራሳችን የዓሣ ጫጩት አነሰና ከሌላ እርባታ ጫጩቶች መጥተው ላይኛው ኩሬ ገቡ። ሳይቆይ ጫጩቶቹ መጥቆር ጀመሩ። ዐይናቸው ነጭ ጉም ለበሰ። አንዳንዱ ራሱን እንደሳተ ሰው በአንድ ቦታ ላይ ሲዞር ይውላል፤ ጠዋት ስንመጣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ እናገኘዋለን። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ሲያኩ ያን ጊዜ አየሁ፤ ያኔ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ።

የዓሣ ሐኪም ተጠራ። በሞተር ብስክሌት የሚመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ ዶክተር እንለዋለን። ጫጩቶቹን መረመረና ምሳ ሰዓት ላይ ክበቡ ውስጥ ሰብስቦ አስረዳን። ወንድሜም ነበረ፤ እረፍቱ ሲደርስ አውቶቡሱን ከአጥሩ ጥግ አቁሞ ሚስቱ ያለችበት ነው የሚበላው፣ ዳቦና እንቁላል።

«ቫይረስ ነው» አለ ዶክተሩ። «ሰው ላይ ምንም አያደርግም። ዓሣ ላይ ግን መንገዱን የሚያውቅ ክፉ ነው።»

«ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አልኩ እኔ፣ የማውቀውን ላካፍል ብዬ።

«ይሄኛው የሚጀምረው ከስንጥቡ ነው፣ እትዬ» አለ እየሳቀ። «ከውሃው ጋር ይመጣና ስንጥቡ ላይ ያርፋል። ስንጥብ ስስ ነው፣ ከሥሩም ደም ይሮጣል። እዚያ ይራባና ወደ ደሙ ይገባል። ደሙ ይዞት ጣፊያና ኩላሊት ይደርሳል። የዓሣ ኩላሊት ደም የሚሠራበትም ቦታ ነው፤ ስለዚህ ቫይረሱ እዚያ ሲገባ ይደላዋል። ከዚያ ወደ ጉበት ያልፋል፤ ጉበቱን ያገረጣዋል፣ ያበላሸዋል። በመጨረሻ ዐይንና አንጎል ይደርሳል። ያን የሚዞረውን ጫጩት አይታችሁታል አይደል? አንጎሉ ተነክቶ ነው።»

ወንድሜ ዳቦውን አስቀመጠ። «ደም አውቶቡስ ነው በለኛ!»

«ነው።»

«መነሻው ስንጥብ፣ ማቋረጫው ጣፊያና ኩላሊት፣ የመጨረሻው ፌርማታ አንጎል። ታዲያ መነሻው ላይ ትኬት የሚቆጣጠር የለም?»

«አለ እንጂ» አለ ዶክተሩ፣ ነገሩ ደስ ብሎት። «ዓሣውም የራሱ መከላከያ አለው። በተለይ ትልልቆቹ ከጫጩቶቹ ይልቅ ይበረታሉ። አንዳንዴ ቫይረሱ ስንጥቡ ላይ እንደተንጠለጠለ መግቢያ አጥቶ ይቀራል።»

መዥረጥ «የኔዎቹስ?» አለች። የእናቶቹ ኩሬ ከሁሉም በታች ነው፤ የበሽተኞቹ ውሃ በቦዩ ወርዶ እነሱ ጋ ነው የሚደርሰው። እንዲህ አድርጎ የቀየሰውን ሰው ባገኘው የማደርገውን እኔ አውቃለሁ!

ዶክተሩ ፊቱ ከበድ አለ። እናቶቹ ጤነኛ ይመስላሉ፣ ይበላሉ፣ ዐይናቸውም ጥርት ያለ ነው። ግን ቫይረሱ ሰውነታቸው ውስጥ እስከ የት እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል። በተለይ ሆዳቸው ውስጥ ያለው እንቁላል ላይ ከደረሰ፣ የሚወለደው ሁሉ በሽታውን ይዞ ይወለዳል፤ እናቶቹ አንድም ሳይቀሩ መገደልና መቀበር አለባቸው። መዥረጥ ይህን ስትሰማ ጓንቷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለች።

ጥቂት እናቶች ለምርመራ ተመረጡ። እሜቴም ገባችበት። ዶክተሩና ጋሼ ኩሬው ውስጥ ገብተው ዓሣውን ሲያወጡና ሲመዝኑ፣ የመክፈቱ ሥራ ለእርባታው ምርጥ ቢላዋ፣ ለመዥረጥ፣ ተሰጠ። ዶክተሩ ትንንሽ ብልቃጦች ደርድሮላት «ከእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የምስር ያህል ቁራጭ በየብልቃጡ ይጨምሩልኝ፣ እትዬ፤ ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ደግሞ ቢላዋውን በአልኮል ይጠቡ» አላት። ያላትን አንዲት ሳታጎድል አደረገች። እሜቴን ስትከፍት ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ እኔ በመስኮት አይቻት ወደ ድስቴ ዞርኩ።

ውጤቱ ከከተማው ላቦራቶሪ ሲመጣ ዶክተሩ ወረቀቱን ማንበብ ጀምሮ መጨረስ አቃተው። ስንጥብ ላይ አለ። ጉበት ላይ አለ። ጣፊያ ላይ፣ ኩላሊት ላይ፣ አንጎል ላይ አለ። እንቁላሉም ላይ አለ። «አይገባኝም» አለ ደጋግሞ። «እንዲህ በሁሉም ቦታ የተሰራጨበት ዓሣ እንዴት አድርጎ ይበላል? እንዴት አድርጎ ይዋኛል? ግን ምርመራው ይህን ነው የሚለው።» ቅዳሜ እናቶቹ እንዲገደሉ፣ በጉድጓድ ከኖራ ጋር እንዲቀበሩ ተወሰነ።

መዥረጥ አላለቀሰችም። አንዱን ባልዲ ደጋግማ ስታጥብ ዋለች። እኔ የምፈራው ዝምታዋን ነው፤ ስትሳደብማ ሰላም ናት። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ሌላ ሰው ይሥራው፣ አንቺ ቅዳሜ ቤትሽ ዋይ» አልኳት።

«ሌላ እጅ አይነካቸውም» አለችኝ። «አፋቸውን ስከፍት የኖርኩት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው እኔው ነኝ።»

አንጀቴን በላችው። እኔ እንዲህ በቀላሉ አንጀቴ የሚበላ ሰው አይደለሁም፣ ግን በላችው። ዓሣ ለእኔ ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ እሷ ግን ያን ቀን የልጅ መርዶ እንደሰማች ሴት ነበር የተቀመጠችው። ባልዲውን አብሬያት አጠብኩ።

ዓርብ ዕለት ጋሼ ለሠራተኛው ሁሉ ምሳ አዘዙ። «ሆድ የባሰው ሰው በባዶ ሆድ ቢላዋ አይይዝም፤ ነገ ከባድ ቀን ነው» አሉ። ከእርባታው ዓሣ እንዳይወጣ ስለተከለከለ ከዓሣ ተራ ተገዝቶ መጣ፣ ክምር ሙሉ። ብቻዬን ልጨርሰው አልችልም። መዥረጥን ጠራኋት። «ዛሬ እንኳ አሳርፊኝ» አለች። «ማረፍ የሚያስፈልግሽ ከሐሳብ ነው፣ እጅሽ ይሥራ» ብዬ ቢላዋ አስያዝኳት። መጥፎ ሴት ናት በሉኝ! ሰው ሲያዝን ሥራ መስጠት እንጂ ከንፈር መምጠጥ አላውቅበትም።

እጇ እንደተለመደው ሮጠ። መዥረጥ! መዥረጥ! ዶክተሩ ሻይ ፍለጋ ወደ ማብሰያው ገባና በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ በፊት ዓሣ ስትከፍት አይቷት አያውቅም፤ በምርመራው ቀን እሱ ኩሬ ውስጥ ነበር። «እንዴ! እትዬ! ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ አጨበጨበ። «እስቲ ይድገሙልኝ!» ደገመችለት። ሁለት ጣት ከስንጥቡ ሥር፣ አንድ መሳብ፣ የሆድ ዕቃው ሁሉ ተያይዞ ወጣ። «አንዴ ብቻ፣ አንዴ!» አለ። ሦስተኛውን ስትስብ ግን ማጨብጨቡን አቆመ። የሻይ ብርጭቆው በእጁ ላይ ዘንበል እያለ ሄደ።

«ወለሌን! ሰውዬ፣ ሻዩ ወለሌ ላይ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም።

«እትዬ» አለ በቀስታ፣ «እነዚያን እናት ዓሦችንም እንዲህ ነው የከፈቷቸው?»

«ታዲያ በምን ልክፈታቸው፣ በጥርሴ?»

ዶክተሩ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ማለት እንኳ አይደለም፣ ወደቀ። ከዚያ እየተርበተበተ አስረዳን። ቫይረሱ መጀመሪያ የሚያርፈው ስንጥብ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ስንጥቡን ይዛ በሆዱ ውስጥ ስትጎትተው፣ የስንጥቡ ውሃና ደም ጉበቱን፣ ጣፊያውን፣ ኩላሊቱን፣ እንቁላሉን ሁሉ ቀባው። አንጎሉንም ያወጣችው በዚያው ቢላዋ ነው። «ቢላዋውን በዓሣና በዓሣ መካከል አሳጠብኩ እንጂ አንዱ ዓሣ ውስጥ ያለውን አላሰብኩም» አለ። «ቫይረሱ ራሱ ገብቶ ይሆን ወይስ እኛ እጁን ይዘን ቤቱን ሁሉ አስጎብኝተነው ይሆን፣ ከዚያ ምርመራ ማወቅ አይቻልም።»

መዥረጥ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «የኔ እጅ ነው እንዴ?»

«የርስዎ አይደለም። ቆሜ ማሳየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የኔ ነው እንጂ! መሳብ ማን አዘዘኝ?»

«የኔ ነው አልኩ፣ እትዬ!»

«አንተ ልጅ፣ አትከራከረኝ! የኔ ነው!»

ሰው ጥፋት ሲሸሽ አይቻለሁ፤ ጥፋት ሲሻማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጩኸቱን ሰምተው ጋሼ መጡ። ነገሩ ሲገባቸው ባርኔጣቸውን አስተካክለው «ጥፋቱን በኋላ ትካፈሉታላችሁ፤ አሁን ንጹሕ ቢላዋ ፈልጉ» አሉ። የቅዳሜው ነገር እስከ አዲሱ ውጤት ተራዘመ። ዶክተሩ ግን ተስፋ እንዳናበዛ አስጠነቀቀን። ምናልባት እውነትም ሁሉም ቦታ ደርሶ ይሆናል፤ ምናልባትም አልደረሰም።

ንጹሕ ቢላዋ ፍለጋ የክበቡን ቢላዋ በሙሉ ዘረፉኝ። ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የየራሱ ቢላዋ ሆነ፣ ሁሉም የተቀቀለ። ሌሎች ጥቂት እናቶች ተመረጡ፤ መዥረጥ «ይቅር በሉኝ» ብላ ነካቻቸው። በዚህኛው ዙር ዶክተሩ ከአጠገቧ አልተለየም። መጀመሪያ ሆዱ እንደ መስኮት በቀስታ ተከፈተ። እንቁላሉ ቀድሞ ወጣ፣ ከዚያ ጉበቱ፣ ጣፊያው፣ ከጀርባ አጥንቱ ሥር የተጣበቀው ኩላሊት። ከዚያ ጭንቅላቱ በሌላ ቢላዋ። ስንጥቡ የመጨረሻ። እጇ ግን አልታዘዝ አላት! ሁለቱ ጣቶቿ በየጊዜው ወደ ስንጥቡ ይሄዳሉ፣ ዶክተሩ «እትዬ!» ይላል፣ እጇን ትሰበስባለች፣ እንደገና ይሄዳል። እኔ ከበሩ ሆኜ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አልኳት። ጓንቷን አውልቃ ወረወረችብኝ፣ ዶክተሩም «አዲስ ጓንት!» ብሎ ጮኸ። ከስንት ቀን በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። መጠበቅን የመሰለ ክፉ ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ከኩሬው ዳር ተቀምጣ ታያቸዋለች፤ ዐይናቸው ጉም ለበሰ ወይ፣ ዞሩ ወይ፣ ጠቆሩ ወይ። እናቶቹ መብላታቸውን ቀጥለዋል። እሷ ናት መብላት ያቆመችው። የባሏን እንቁላል በዳቦ በግድ አጎርሳታለሁ። ወንድሜም አውቶቡሱ ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ትቶ እንደነበር ከተሳፋሪዎቹ ነው የሰማሁት።

አንድ ረፋድ ላይ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሰማን። ዶክተሩ በፍጥነት ገባ፣ አቆመ፣ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ መጮህ ጀመረ። ከቁሩ ውስጥ የሚወጣው ድምፅ ጉምጉምታ ብቻ ነው። እጁን ያወናጭፋል፣ ይዘላል። «ሞቱ ነው የሚለው?» አለች መዥረጥ፣ ሐሞቷ ፈስሶ። ሮጥኩና ቁሩን ከጭንቅላቱ ላይ ነቀልኩት፤ ጆሮውን አብሬ ሳልነቅል መቅረቴም ተአምር ነው።

«በር ላይ ነው!» አለ። «በር ላይ ነው ያለው፣ ቤት አልገባም!»

ስንጥቡ ላይ አለ። ጉበት ላይ የለም። ጣፊያ ላይ የለም። ኩላሊት፣ አንጎል፣ እንቁላል፣ የለም፣ የለም፣ የለም! መዥረጥ የዶክተሩን ጉንጭ ይዛ ሳመችው፣ ቀጥላ እኔን፣ ቀጥላ ጋሼን። ጋሼ፣ እኒያ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው፣ «እሰይ!» ብለው ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ ኩሬ ውስጥ ወደቀ፣ ማንም አላወጣውም። እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከጭልፋዬ ጋር ዘፈንኩ፣ ድምፄም እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግድ የለኝም።

ዶክተሩ ግን ቶሎ አሰባሰበን። በር ላይ ያለ ሌባ ነገ ሊገባ ይችላል። እናቶቹ ዛሬውኑ ከዚህ ውሃ መውጣት አለባቸው። ከግቢው ማዶ ከጉድጓድ ብቻ ውሃ የሚያገኝ ትልቅ ገንዳ አለ፤ ግን ሩቅ ነው፣ ዓሣውም በባልዲ ተይዞ ብዙ ከቆየ ይጨነቃል፣ የተጨነቀ ዓሣ ደግሞ መከላከያው ይደክማል። ይህን እያልን ሳለ ወንድሜ ለምሳው ደረሰ። ነገሩን ሰማና አውቶቡሱን ወደ ግቢው አስገብቶ የኋላ በሩን ከኩሬው ዳር አስጠጋው። ባልዲዎቹን በመቀመጫዎቹ መካከል ደረደርናቸው። መዥረጥ መሐል ላይ ቆማ «ቀስ በል! ጉድጓድ አለ! ቀስ!» እያለች ታዘዋለች፣ እሱም በሕይወቱ ነድቶ በማያውቀው ዝግታ ነዳ። ሽታው ከአውቶቡሱ አልወጣ ብሎ ተሳፋሪው «ሹፌር፣ ዓሣ ነው እንዴ የምትጭነው?» ሲለው፣ «እናቶች ነው የጫንኩት!» ይል ነበር ኮራ ብሎ። ያ ዓሣ ሽታው የማይስማማው ሰውዬ!

አዲሱ ገንዳ ውስጥ ዶክተሩ ሌላ ዘዴ አመጣ። ከጤነኛ ኩሬ ትንንሽ ጫጩቶች አምጥቶ ከእናቶቹ ጋር አዋላቸው። ቫይረሱ ከእናቶቹ ላይ ካልጠፋ ጫጩቶቹ ይታመማሉ፤ እነሱ ከኖሩ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት ነው። ኖሩ። ወፈሩ እንጂ አልታመሙም። ዶክተሩም ከእናቶቹ ስንጥብ ላይ በጥጥ እየጠረገ መርምሮ፣ ቆይቶ ከስንጥቡም መጥፋቱን ነገረን። የታመመው የላይኛው ኩሬ ደርቆ፣ ኖራ ተደፍቶበት በፀሐይ ተጠበሰ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። እናቶቹ አይወልዱም። ሳምንት ሲያልፍ ሳምንት ሲመጣ ከአፋቸው አንድ እንቁላል አልተገኘም። ዶክተሩ «ደንግጠዋል፣ ቦታ ቀይረዋል፣ ጊዜ ይስጧቸው» ይላል። ግን የማይወልዱ እናቶችን እርባታው እስከ መቼ እንደሚቀልብ ሁላችንም እናውቃለን። መዥረጥም ታውቃለች። ከማንም በፊት መጥታ ከማንም በኋላ ትሄዳለች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ ወደ ማብሰያው ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንዷ አልበላ አለችኝ» አለች።

ዓሣ ሲታመም መጀመሪያ የሚተወው መብላት ነው፤ ይህን ዶክተሩ መቶ ጊዜ ነግሮናል። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስት ቀን ወዲህ፤ ይሻላታል ብዬ ነበር። ምግብ ስበትን ሌሎቹ ይሻማሉ፣ እሷ ጥግ ይዛ ቆማለች። ሄደን እንያት፣ ብቻዬን አልችልም። እባክሽ።»

እባክሽ ብላኝ አታውቅም። ቢላዋዬን ጥዬ ተከተልኳት። ዓሣዋ እንዳለችው ጥግ ላይ ናት፣ ጉንጯ ትንሽ ያበጠ ይመስላል። መዥረጥ መረቡን ውሃው ውስጥ ነክራ መልሳ አወጣችው። «አንቺ አውጪያት» አለችኝ። እኔ! ዓሣ የማውቀው በድስት ነው! ግን ወሰድኩት፤ አገላብጬ አንከርፍፌ እንደምንም አወጣኋት፤ ግማሽ ቀሚሴ ራሰ።

መዥረጥ ተቀበለችኝ። ዐይኗን አየችው፤ ጥርት ያለ ነው። ስንጥቧን ገልጣ አየችው፤ ቀይ ነው። ከዚያ እጇ በልማድ አውራ ጣቷን ወደ ዓሣዋ አፍ ወሰደና ከፈት አደረገው።

ቢጫ ነበር። አፏ ሙሉ ነበር። ለካ እናት ቆሮሶ እንቁላል በአፏ ስትይዝ አትበላም፤ ይህን በእርባታው ውስጥ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ፍርሃቷ ግን አስረስቷታል። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ይታያል፣ ዐይኖቻቸው ናቸው፣ ይንቀሳቀሳሉ። መዥረጥ እንቁላሉን አላወጣችም። አፏን በቀስታ ዘጋችላትና ወደ ውሃው መለሰቻት፣ ከዚያ እዚያው ረጥቦ በጨቀየው መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ይዛለች» አለች። «ይዛለች እኮ!» እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩና አቀፍኳት፤ ሽንኩርቱ ነው ብዬ አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

ወሬው እንዴት እንደተሰማ አላውቅም፣ ጋሼ ባዶ ራሳቸውን ሮጠው መጡ፣ ጥበቃው በሩን ጥሎ መጣ፣ ወንድሜ አውቶቡሱን መንገድ ላይ አቁሞ ተሳፋሪዎቹን ጭምር ይዞ መጣ። ሁሉም ገንዳውን ከቦ ጥግ ላይ የቆመችውን ዓሣ እያየ፣ እንዳያስደነግጣት በሹክሹክታ ያወራል። ዶክተሩ በስልክ ደጋግሞ «ዐይናቸው ይታያል? እርግጠኛ ናችሁ?» ይላል። ያን ቀን ምሳ አልተሠራም። ደረቅ ዳቦ ቆርሼ አዞርኩላቸው፣ ሁሉም ቆሞ በላ፣ ስለ ምሳ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።